«አልሐምዱሊላህ» ማለት «ረክቻለሁ» ማለት አይደለም፦ ስለ ከተማችን አጭር የአውቶቡስ መስመር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለከተማ አውቶቡስ ስምሪት ክፍል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በተገልጋይ እርካታ ዳሰሳ ስም የተወሰዱ ውሳኔዎች እንዲታረሙ ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ከታችኛው መናኸሪያ ተነስቶ፣ ገበያውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሆስፒታሉ በር ላይ በሚያበቃው የአውቶቡስ መስመር ላይ በቅርቡ ሦስት ነገሮች ተወስነዋል። የገበያው ፌርማታ ከነበረበት ተነስቶ ወደ ዳገቱ ተገፍቷል። የማታው ስምሪት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ ተደርጓል። ከ5ቱ አውቶቡሶች አንዱ ተነስቶ ለሌላ መስመር ተሰጥቷል። ለሦስቱም የተሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ መናኸሪያው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በተካሄደው የተገልጋይ እርካታ ዳሰሳ ተሳፋሪው መርካቱ ተረጋግጧል» ይላል።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በዚህ መስመር በየቀኑ የምንሳፈርና በስምሪት፣ በቲኬትና በጥገና ሥራ የቆየን ሰዎች ተሰባስበን ነው። የከተማዋን ስም የተውነው ፈርተን አይደለም። ከከሚሴ እስከ ወልዲያ ያሉት የወሎ ትልልቅ ከተሞች በአንድ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጉ ናቸው። አገር አቋራጩ አውቶቡስ፣ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ የሚመጣው ተሳቢ፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና የከተማው አውቶቡስ የሚሻሙት ያንኑ አስፋልት ነው። ደሴ ያለ አንባቢም ኮምቦልቻ ያለም የራሱን ሰልፍ እዚህ ውስጥ አያጣውም።

ስለ መጠይቁ

ተሳፋሪው የተጠየቀበት ወረቀት ስለ ተንቀሳቃሽ ደረጃው አሠራር ይጠይቃል። ስለ ምድር ውስጥ ጣቢያው የአየር ዝውውር ይጠይቃል። ስለ ካርድ ማንበቢያው በር ፍጥነትም ይጠይቃል። ወረቀቱ ስለ አንድ አጭር የምድር ውስጥ ባቡር ከተሠራ ጥናት እንደተገለበጠ ለማወቅ ምርመራ አያሻም፤ አንደኛው ገጽ ላይ «ባቡር» የሚለው ቃል በ«አውቶቡስ» ተተክቷል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተረስቷል።

መረጃ ሰብሳቢዎቹን አንወቅስም። ተንቀሳቃሽ ደረጃ በሌለበት ከተማ ስለ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ጠይቁ ተብለው የወጡ ልጆች ናቸው፤ ያላቸው አማራጭ መሐለኛውን ሳጥን፣ 3 ቁጥርን፣ «መካከለኛ» የሚለውን እየሞሉ ማለፍ ነበር። ያ ሁሉ 3 ቁጥር ተደምሮ አማካዩ ውስጥ ገባ። በሌለን ደረጃ በመካከለኛ ሁኔታ ረክተናል ማለት ነው።

መዋስ ነውር የለውም፤ አጫጭር የምድር ውስጥ መስመሮች ለእኛም የሚሆን ትምህርት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1875 ሥራ የጀመረው የኢስታንቡሉ ቱኔል ርዝመቱ 573 ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለት ጣቢያ አለው፣ ጉዞው አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። በ1959 የተከፈተው የሐይፋው ካርመሊት 2 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ስድስት ጣቢያዎች አሉት። ሁለቱም የተሠሩት እንደ እኛው ዳገት ለማውጣት ነው። የሐይፋው ፉርጎ ወለሉ እንደ ደረጃ የተከፋፈለ ነው፣ የቆመ ሰው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት። መጠይቁን የገለበጠው ሰው ይህን ቢያይ ኖሮ «ዳገት ላይ ቆመው ሲሄዱ የሚይዙት ነገር ያገኛሉ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አውቶቡሶቻችን ውስጥ ከኋለኛው በር ወዲያ ያሉት የጣሪያ እጀታዎች አብዛኞቹ ተበጥሰዋል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚከተለው ልዩነት ተዘሏል። ምድር ውስጥ ባቡር ላይ ተሳፋሪው የሚቆጠረው መግቢያው በር ላይ ነው፤ ገና ሳይጠብቅ፣ ገና ሳይሳፈር። እኛ ዘንድ የሚቆጠረው ቲኬት ሲቆረጥለት ነው፣ ማለትም ከገባ በኋላ። አውቶቡሱ ሞልቶ ጥሎት የሄደው፣ 20 ደቂቃ ጠብቆ በባጃጅ የሄደው፣ ተስፋ ቆርጦ ዳገቱን በእግሩ የተያያዘው ሰው እናንተ መዝገብ ላይ የለም። ዳሰሳውም የተካሄደው አውቶቡስ ውስጥ ብቻ ስለሆነ እዚያም የለም። መስመሩ ምን ያህል እንደሚያማርር የሚያውቁት ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ናቸው።

ስለ ጠያቂውና ስለ መላሹ

ጠያቂው ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከቲኬት ቆራጩ አጠገብ ይቆማል። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው ተቀምጠዋል። «እናቴ፣ አገልግሎቱ እንዴት ነው?» «አልሐምዱሊላህ።» እስክሪብቶው 4 ቁጥር ላይ ያርፋል፤ «ረክቻለሁ»። ከኋላ ያሉት አባት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። አሁንም 4።

ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ያሳፍራል። እናታችን ያመሰገኑት ፈጣሪያቸውን ነው፣ አውቶቡሱን አይደለም። ልጁን የቀበረም ሰው እንዴት ነህ ሲሉት አልሐምዱሊላህ ይላል። ፌርማታ ላይ አንድ ሰዓት የቆመውም ጎኑ ያለውን «አብሽር፣ ይመጣል» ይለዋል፤ ያንንም ሰምታችሁ ተሳፋሪው ተስፈኛ ነው ብላችሁ እንዳትመዘግቡት።

የሰዉን ስሜት መጠየቅ ትታችሁ የሆነበትን ጠይቁት። «ዛሬ ፌርማታው ላይ ስንት ሰዓት ደረሱ? ስንት አውቶቡስ አልፎዎት ሄደ? ተቀምጠው ነው ቆመው የመጡት? መልስዎን በትክክል ተቀበሉ?» ለእነዚህ ጥያቄዎች አልሐምዱሊላህ መልስ አይሆንም፤ ሰዉ ቁጥር ይናገራል። ጠያቂውም ከቲኬት ቆራጩ ጎን አይቁም። ተሳፋሪው ነገም ከዚሁ ሰው ጋር እንደሚሳፈር ያውቃል።

ስለ ጥበቃው

ይህ የደብዳቤያችን ዋና ጉዳይ ስለሆነ ረዘም እናደርገዋለን።

መስመሩ አጭር ነው። መውጫው 15 ደቂቃ፣ መውረጃው 13 ደቂቃ፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ የሚቆምበት 6 6 ደቂቃ ብንል አንድ ምልልስ 40 ደቂቃ ይወስዳል። በ5 አውቶቡስ ሲካፈል በየ8 ደቂቃው አንድ ይመጣል። አንዱ ሲነሳ 10 ደቂቃ ሆነ። ከቀሩት 4 አንዱ ጋራዥ በገባ ቀን 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል፤ ቀድሞ ግን አንድ ቢበላሽም 10 ደቂቃ ላይ ይቆም ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለው ወረቀት ዛሬም «በየ8 ደቂቃው» ይላል።

ይህ እንግዲህ አውቶቡሶቹ ተራርቀው ቢሄዱ ነው። አይሄዱም። አንዱ ገበያው ጋ ትንሽ ይዘገያል፤ በዘገየበት ልክ የሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ብዙ ሰው ይጠራቀማል፤ ያንን ሲጭን የባሰ ይዘገያል። ከኋላው ያለው በተቃራኒው የሚጭነው ሰው ስላጣ ይፈጥናል። መድኃኒት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ተከታትለው ነው፤ ፊተኛው በሩ የማይዘጋ፣ ኋለኛው ወንበሩ ባዶ። ሹፌሮቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ ማንም ካልከለከለው በስተቀር አጭርና የተጨናነቀ መስመር ላይ ሁሌም የሚሆን ነገር ነው።

ስሌቱን እንየው። በአምስቱ አውቶቡስ ጊዜ እንኳ አንዱ በ2 ደቂቃ፣ ቀጣዩ በ14 ደቂቃ ልዩነት ቢመጡ አማካዩ ያው 8 ነው፤ ስምሪት ክፍሉ መዝገብ ላይ ጥፋት የለም። ተሳፋሪው ግን በማንኛውም ደቂቃ ፌርማታ ስለሚደርስ፣ ከ8 ሰው 7ቱ የሚወድቁት 14 ደቂቃው ውስጥ ነው። አውቶቡሶቹ እኩል ተራርቀው ቢመጡ በአማካይ 4 ደቂቃ የሚጠብቀው ሰው 6 ደቂቃ ከሩብ ይጠብቃል። ይህም የመጀመሪያው ላይ መግባት ከቻለ ነው።

አሁን ጠያቂውን እዚህ ውስጥ አስገቡት። ከየአውቶቡሱ 10 10 ሰው ጠይቅ ተብሏል። ፊተኛው አውቶቡስ ውስጥ በሰው መሐል አልፎ መጻፍ ስለማይቻል በር አካባቢ ያሉትን ይጠይቃል፤ ኋለኛው ውስጥ ተዝናንቶ ይሠራል። ውጤቱ ግማሽ በግማሽ ይሆናል፤ 10 ያዘኑ፣ 10 የረኩ። መስመሩ ላይ ግን ከ8 ተሳፋሪ 7ቱ ፊተኛው ውስጥ ናቸው። ማንም ሳይዋሽ፣ አንድ ቁጥር ሳይቀየር፣ ዳሰሳው ውሸት ሆነ።

አጭር መስመር ላይ ሌላም ነገር አለ። የትራንስፖርት ዕቅድ ባለሙያዎች ቆሞ የተጠበቀን አንድ ደቂቃ ተሽከርካሪ ውስጥ ካለፈ ደቂቃ እጥፍ ያህል አድርገው ያሰሉታል፣ ለሰዉ የሚከብደው በዚያ ልክ ስለሆነ። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው መናኸሪያ ውስጥ 15 ደቂቃ መጠበቅ ምንም አይደለም። ለ12 ደቂቃ ጉዞ 14 ደቂቃ መቆም ግን ራሱ ጉዞው ማለት ነው። አጭር መስመር ላይ ሰው የሚረካውም የሚማረረውም ፌርማታ ላይ ነው። መጠይቁ ደግሞ ስለ ፌርማታ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ጣቢያው መብራት።

ስለ በሩና ስለ ዝርዝሩ

አውቶቡሶቹ ሁለት በር አላቸው፤ የፊተኛው መግቢያ፣ የኋለኛው መውረጃ እንዲሆን። ዛሬ የሚሠራው አንዱ ነው። የኋለኛውን በር የሚገፋው የአየር ሲሊንደር ጎሚኒው (የላስቲክ ማሸጊያው) ሲያልቅ አየር ያፈሳል፣ በሩ እየሄደ ይከፈታል፤ ስለዚህ በሽቦ ታስሮ ቀረ። አሁን ወራጁ ሳይወርድ ተሳፋሪው አይገባም።

ቲኬት ቆራጩ መግቢያው ላይ ቆሞ ይቆርጣል። ቲኬት የያዘ ሰው በ2 ሰከንድ ይገባል። ገንዘብ አውጥቶ፣ ብር ሰጥቶ፣ መልስ ተቀብሎ የሚገባ 5 ሰከንድም አይበቃው። 20 ሰው ከሆነ 40 ሰከንዱ 100 ሰከንድ ሆነ ማለት ነው፤ እሱም «ዝርዝር የለም፣ ስትወርድ ትቀበላለህ» የሚለው ክርክር ሳይጨመር። አራት ፌርማታ ላይ እንዲህ ከዘገየ የጠፋው 4 ደቂቃ ነው። ከላይ የተናገርነው የአውቶቡሶች መደራረብ የሚጀምረው እዚህ በር ላይ ነው። ሁለቱ ትልልቅ ፌርማታዎች ላይ ቲኬቱ ከመሳፈር በፊት ቢሸጥ ግማሹ ችግር ያለ አዲስ አውቶቡስ ይቃለላል።

ስለ ተገፋው ፌርማታ

የቀድሞው ፌርማታ ሜዳ ላይ ነበር፤ ገበያተኛው ከበሩ ወጥቶ ይሳፈራል። አዲሱ ዳገቱ ላይ ነው። ሦስት ጉዳት አለው። ዘንቢልና ጀሪካን የያዘ ሰው ሸክሙን ይዞ ይወጣል፣ የገበያ ቀን ደግሞ ሁሉም ሸክም ይዟል። የእግረኛ መንገድ ስለሌለው ከአስፋልቱ እስከ አውቶቡሱ መጀመሪያ ደረጃ ያለው ከፍታ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር የሚሞከር አይደለም፤ ከኋላው ክዳን የሌለው ቦይ ስላለ ሰልፉ የሚቆመው መኪና መንገዱ ላይ ነው፣ ተሳቢው ጎኑን እየጠረገው። ሦስተኛው የሹፌሩ ነው፤ የጫነ አውቶቡስ ዳገት ላይ ቆሞ በተነሳ ቁጥር ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ጋራዥ የሚገባው አውቶቡስ በዛ ብላችሁ ምክንያቱን ስትፈልጉ ይህን ፌርማታ አስታውሱት።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላና የገበያ ቀን ከሰዓት የሚፈጠረውን መጨናነቅ ዳሰሳው አላየውም። የተካሄደው ማክሰኞና ረቡዕ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ነው።

ስለ ማታው

ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ተሳፋሪ አነስተኛ ነው ተባለ። አነስተኛ ነው። ግን ማን ነው? የሆስፒታል አስታማሚ፣ ተረኛ ነርስ፣ የማታ ተማሪ፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የሚወጣ። ባጃጁ ከጨለመ በኋላ የሚጠይቀው ታሪፉን አይደለም፣ በኮንትራት ካልሆነም ዳገቱን አልወጣም ይላል። እነዚህን ሰዎች በቀን 6 ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ፈልጎ ስለ እርካታቸው መጠየቅ አይቻልም።

ስለ ፍሬኑ

መጠይቁ «ደኅንነት» የሚለው ስለ ካሜራና ስለ ጥበቃ ነው። የእኛ ተሳፋሪ ደኅንነትን የሚለካው በአፍንጫው ነው፤ ከሆስፒታሉ ሲወርድ የፍሬን ሸራ ሽታ ይመጣል። ቁልቁለቱን ገና ሳይጀምሩ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ጉልበት ተይዞ መውረድ ሲገባ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፍሬን ብቻ የሚወርድ አለ። ሸራው ይግላል፣ ሲግል መያዙን ይቀንሳል፤ ፍሬኑ የሚሠራው በታመቀ አየር ስለሆነ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር አየር ይወጣል፣ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲሠራ ደግሞ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ቶሎ አይተካውም። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ሲደፈን፣ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ሲጨመርበት ምን ሊመጣ እንደሚችል ለእናንተ አንነግርም። ቁልቁለቱ አናት ላይ አንድ ተቆጣጣሪ ቆሞ የአየር መለኪያውንና ማርሹን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

መለዋወጫን በተመለከተ ከሩቅ መሄድ አያሻም። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ መለዋወጫ እየጠፋ ብዙዎቹ ቆመው ሰዉ በጥቂቶቹ ሲጋፋ አይተናል። ከባቡር ጋር ሲነጻጸር የበር ሲሊንደር ጎሚኒ ቀላል ዕቃ ነው።

የምንጠይቀው

ዳሰሳው ውድቅ ተደርጎ በድጋሚ ይሠራ። ፌርማታ ላይ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩልና ከ11 እስከ 1 ሰዓት፣ አርብንና የገበያ ቀንን ጨምሮ ይካሄድ፤ የሚጠየቀውም ሰዉ የሆነበት ነገር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአውሮፓ የሕዝብ ትራንስፖርት ጥራት መለኪያ፣ ኢኤን 13816፣ ተሳፋሪው የሚፈልገውን፣ ድርጅቱ ያቀደውን፣ በተግባር የቀረበውንና ተሳፋሪው የተሰማውን ለየብቻ ይለካል። እናንተ አራተኛውን ብቻ፣ እሱንም በእስክሪብቶ ግምት ለክታችኋል። ሦስተኛውን ለመለካት አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃል፤ አውቶቡሱ የደረሰበት ሰዓት፣ የገባው ሰው፣ የቀረው ሰው።

እስከዚያው ድረስ፦

5ኛው አውቶቡስ ይመለስ። የማይመለስ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ያለው «በየ8 ደቂቃው» ይነሳ።

በሁለቱም ጫፍ ስምሪት ሠራተኛ ሰዓት ይዞ ይቁም፤ ፊተኛው ከሄደ የተመደበው ደቂቃ ሳይሞላ ኋለኛው አይነሳ። ሹፌሩ የሚመዘነው በምልልስ ብዛት ብቻ መሆኑም ይቅር፣ እርስ በርስ የሚያሽቀዳድማቸው እሱ ነውና።

መናኸሪያውና ገበያው ላይ ቲኬት ከመሳፈር በፊት ይሸጥ። የታሰሩት የኋላ በሮች ይጠገኑ።

የገበያው ፌርማታ ወደ ሜዳው ይመለስ።

ማታ እስከ 4 ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ አንድ አውቶቡስ ይኑር፤ ሰዓቱ የታወቀና የማይዛባ ይሁን። ማታ ላይ የአውቶቡሱ ብዛት ሳይሆን የሰዓቱ እርግጠኝነት ነው የሚፈለገው።

ከሆስፒታሉ በታች፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ የፍሬን ምርመራ ይጀመር።

መልሳችሁን ያንን ወረቀት በለጠፋችሁበት ሰሌዳ ላይ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የመስመሩ የዘወትር ተሳፋሪዎች
በስምሪት፣ በቲኬትና በጥገና ሥራ የቆዩ ባለሙያዎች
ወሎ

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት
ለሆስፒታሉ አስተዳደር
ለገበያው ነጋዴዎች ተወካዮች